ቤት ውስጥ ተራራ የወጣው ሽኮኮ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ! ቀረባችሁ? እንግዲያው ልጀምር።

በድሮ ዘመን፣ ሽኮኮ ቤት በነበረው፣ የቤት ዕቃም አፍ በነበረው ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ግርጌ ልመንህ የሚባል ሽኮኮ ይኖር ነበር። ልመንህ ጠንቃቃ ነው። ውሃ ሊጠጣ ሲል መጀመሪያ ያሸታል፣ ቀጥሎ ያያል፣ ቀጥሎ «ውሃ ነው አይደል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ጥቂት።

ይህ ልመንህ ቋጥኙ አናት ላይ የምትኖረውን አንጓችን ወደዳት። ክረምቱ ሳይገባ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ፤ ጃርትን፣ ቆቅንና ኤሊን። የአንጓች አባት አባ ገደሉ ሽማግሌዎቹን ተቀብለው፣ ጢማቸውን አሻሽተው እንዲህ አሉ፦

«እኛ ገደል ላይ የኖርን ነን። ልጃችንን በወሬ አንሰጥም፤ እግር አይተን ነው የምንሰጠው። ክረምቱ ይለፍ፣ ድንጋዩ ይድረቅ። አደይ አበባ ከፈነዳ በኋላ ሦስት ቀን እንጠብቀዋለን። የሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ በገዛ እግሩ ይህን ቋጥኝ ከወጣ፣ ልጄ የእሱ ናት። ካልወጣ ግን ከወንዝ ማዶ ሌላ ጠያቂ አለ።»

መልሱን እንዲያደርስ የተመረጠው ኤሊ ስለነበር፣ ልመንህ ሲሰማ ክረምት ገብቷል።

ዘነበ። ሰኔ ዘነበ፣ ሐምሌ ዘነበ፣ ነሐሴም ዘነበ። ልመንህ ከአባቱ በወረሰው መደብ ላይ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ተከናነበ፣ እግሩን ወደ ምድጃው ዘረጋ፣ ንፍሮውን በላ። ንፍሮው ሲያልቅ ሌላ ጣደ። ጳጉሜ ላይ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ለማየት ቢሞክር ሆዱ ከለከለው።

«እግሮቼ አሉ?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ አሉ!» አለች ጋቢ። «እኔ ሸፍኛቸዋለሁ። አንተን ምን አስጨነቀህ?»

መስከረም ጠባ። አንድ ቀን ጠዋት በበሩ ስንጥቅ ብርሃን ገባ። ከበሩ ኋላ የቆመው ከዘራ ጮኸ።

«ጌታው! አደይ ፈነዳ! ይነሡ እንጂ! እኔስ ሦስት ወር ሙሉ እንዳኮረፈ አማች እዚህ ጥግ ቆሜ ቀረሁ እኮ።»

«እነሣለሁ» አለ ልመንህ። «ግን መጀመሪያ ላጣራ።»

ሊያጣራ ወደ በሩ ሲያዘግም፣ ከኋላው ሹክሹክታ ተነሣ።

«ጉድ ፈላ!» አለች ጋቢ ጫፏን እየጎተተች። «ከወጣ በብርሃን ያየኛል። በብርሃን ካየኝ እድፌን ያያል። እድፌን ካየ ወንዝ ያወርደኛል፤ እንዶድ አፍስሶ ይረግጠኛል፣ ድንጋይ ላይ ይደበድበኛል! አምና መስከረም የደረሰብኝን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ያንቺስ ባንድ ቀን ያልቃል» አለ መደብ። «እኔን ስንጥቄን ፈልፍሎ በጭቃና በእበት ይለቀልቀኛል። እስኪደርቅ ድረስ ሳምንት ያሳክከኛል።»

«እኔስ ብትሉ?» አለች ምድጃ። «እሳቴን አጥፍቶ አመዴን ይጠርጋል። ሦስት ወር ሙሉ ያጠራቀምኩትን አመድ!»

ሦስቱ ተማከሩ። ሦስቱን ቀን ለሦስት ተካፈሉ።

የመጀመሪያው ቀን የጋቢ ነበር። ልመንህ በሩን ገርበብ አድርጎ የአፍንጫውን ጫፍ ብቻ አወጣ።

«ልመንህዬ፣ ምን ተሰማህ?» አለች ጋቢ ከትከሻው ላይ።

«ቀዝቀዝ ያለ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ትላለህ? ብርድ ነው እንጂ! የክረምት ብርድ ፊት ለፊት ይመጣል፤ የመስከረም ብርድ ግን ፀሐይ ለብሶ ነው የሚመጣው። ና፣ ግባ።»

ልመንህ አሰበ። ብርድ ፀሐይ ከለበሰ ከፀሐይ በምን ይለያል? ቆሞ ቢያስብ ቢያስብ ሊለየው አልቻለም። ስለዚህ ገባ።

«ጌታው፣ ሁለት ቀን ቀረ!» አለ ከዘራ።

ሁለተኛው ቀን የመደብ ነበር። ልመንህ ለመሄድ ቆርጦ ተነሣ። ሲነሣ ጉልበቱ «ቋ!» አለ።

«ሰማህ ልጄ?» አለ መደብ። «አባትህንም እንዲህ ነው የጀመረው።»

«ምን ጀመረው?»

«እሱን ተወው። በጠዋቱ አላስደነግጥህም።»

ልመንህ ይህን ጊዜ በጣም ደነገጠ። «ምን ይሻለኛል ታዲያ?»

«እግሩን ያላፍታታ ገደል አይወጣም። እዚሁ ተለማመድ። ከእኔ እስከ ምድጃ ስንት ርምጃ ነው?»

ልመንህ ለካ። ተመልሶ እንደገና ለካ። «አሥራ ሁለት።»

«ከደጅህ እስከ ቋጥኙ አናትስ?»

«ጃርት ሲወርድ ቆጥሮ ነግሮኛል። ስድስት መቶ ነው። አይ፣ ልክ ልናገር፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።»

አመድ ላይ በጥፍሩ ጽፎ አካፈለ። ሃምሳ አንድ ጊዜ ሆነ። ከመደብ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ መደብ፤ ከመደብ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ መደብ ተመላለሰ። እየሄደ ቆጠረ፣ ቁጥሩ ሲጠፋበት ከመጀመሪያው ጀመረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሃምሳ አንደኛውን ጨርሶ ላቡን ጠረገና ቁጭ አለ። ፊቱ በደስታ ፈካ።

«ደረስኩ!»

«የት?» አለ ከዘራ።

«የቋጥኙ አናት ላይ ነዋ! ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ርምጃ።»

«ሙሽሪትስ የታለች?»

ልመንህ ዙሪያውን አየ። ምድጃ አለች። መደብ አለ። ጣሪያው ላይ ሸረሪት አለች።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሒሳቡ ልክ ነው ጌታው። ልክ ያልሆነው ጣሪያው ነው።»

ሦስተኛው ቀን የምድጃ ነበር። ፀሐይ ገና ከጠዋቱ ግቢውን አሙቃው ነበር። ልመንህ በበሩ እስከ ወገቡ ወጣ።

«ልጄ፣ ቀስ በል» አለች ምድጃ። «የዛሬዋ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ንፍሮው ሊበስል ነው፤ ብላና በረድ ሲል ትወጣለህ። ሙሽራ ባዶ ሆዱን አማቶቹ ፊት ቢወድቅ ማን ያፍራል?»

ልመንህ «ከትናንት ወዲያ ብርድ፣ ዛሬ ሙቀት?» ብሎ በልቡ ጠየቀ። ነገር ግን የንፍሮው ሽታ ጥያቄውን ሸፈነበት። በላ። ደገመ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ሳለ፣ ሊሠልስ እጁን ሲዘረጋ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዷ ቆቅ እያለከለከች በሩን ከፍታ ገባች።

«አንተ ልመንህ! እዚህ ነህ?»

«በረድ እስኪል…»

«በረድ እስኪል! የማዶው ጠያቂ ቋጥኙ ሥር ቁጭ ብሎ ፀሐይዋን እየጠበቀልህ ነው፤ ስትጠልቅ ሊወጣ። አንጓችን አየኋት። ከጫፍ ቆማ ወደዚህ በር ትመለከታለች። ሦስት ቀንዋ ነው አሉ። ‹ታሞ ይሆን?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ንፍሮ እየሠለሰ ነው ልበላት?»

ልመንህ ወደ ንፍሮው የዘረጋውን እጁን መለሰ። ብርዱን አስቦ ነበር። ጉልበቱን አስቦ ነበር። ሙቀቱንም አስቦ ነበር። አንድ ሰው ከዚያ ከፍታ ሦስት ቀን ሙሉ የተዘጋ በር እያየ እንደሚውል ግን አላሰበም።

«ላጣራ…» ብሎ ጀመረና ቃሉን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዘራውን ነጠቀና ወጣ።

«ያለ እኔ አትሄድም!» ብላ ጋቢ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከነእሷው ወጣ።

መቶ ርምጃ ላይ ትንፋሹ አጠረ። «እንመለስ» አለች ጋቢ። ልመንህ ወጣ።

ሦስት መቶ ርምጃ ላይ ጉልበቱ ቋ ማለቱን ተወ። «ከዘራ፣ ጉልበቴ ዝም አለ!» አለ ፈርቶ።

«ሥራ አገኘ እኮ ጌታው። ሥራ ያገኘ አያወራም።»

አራት መቶ ርምጃ ላይ ጋቢ የቀጋ እሾህ ያዛት። «አትተወኝ! ፀሐይ በላኝ! ነፋስ ወሰደኝ! ኡኡ!» እያለች ጮኸች። ልመንህ ሊያላቅቃት ሲታገል ነፋሱ በሆዷ ገብቶ በጀርባዋ ወጣ፤ የሦስት ወር ጭስም ይዞ ሄደ። ጋቢ ድንገት ጸጥ አለች።

«እ… እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። «ሂድ፣ ሂድ። እኔን አትጠብቀኝ።»

ልመንህ ቀጋው ላይ ትቷት ወጣ፤ ከስድስት መቶ ርምጃ በኋላ ቀና ሲል እስከ ቋጥኙ አናት አንድ ዝላይ ብቻ ቀርቶታል። ፀሐይዋም ግማሿ ጠልቃለች። የአንጓች ወንድሞች ከላይ ተደርድረው ይሥቃሉ።

«ኧረ ሆዱ ደረሰ! እሱ ራሱ ከኋላ ነው!»

«ሆዱን ተቀበሉት፤ ባለቤቱ ነገ ይመጣል!»

ልመንህ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ በከዘራው ነካ አደረገ። ጠንካራ ነው። ጠንካራ መሆኑን ለማረጋገጥ እንደገና ነካው። ከፀሐይዋ የቀረው የምስር ፍሬ ያህል ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊነካው ከዘራውን አነሣ። ይህን ጊዜ አንጓች ከላይ ጎንበስ ብላ፦

«ልመንህ! ድንጋዩን መርምረህ ስትጨርስ እኔ አያት ሆኛለሁ!» አለችው።

ልመንህ ሣቅ አመለጠው። ሣቁ ከሆዱ ተነሥቶ መላ አካሉን ናጠው፤ እየሣቀ ደግሞ ማጣራት አይቻልም። እግሮቹ ሳያማክሩት ዘለሉ። አባ ገደሉ እግር ሥር በሆዱ ተዘረጋ። ከዚያ ፀሐይዋ ጠለቀች።

አባ ገደሉ ጎንበስ ብለው የእግሩን መዳፍ ገልብጠው አዩ። ተልጧል፣ ደምቷል፣ አቧራ ለብሷል።

«ይህ እግር ከቤት የወጣው ዛሬ ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ» አለ ልመንህ አፍሮ።

አባ ገደሉ ጢማቸውን አሻሹ። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ወጥቷል።»

እልልታው ቀለጠ። የማዶው ጠያቂ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ እልልታውን ሲሰማ ዞሮ ወረደ። ወንዙን ሲሻገር ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል አለፈ አሉ።

በማግስቱ ሙሽሮቹ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተሰጥተው ፀሐይ ሲሞቁ፣ አንጓች ጠየቀችው።

«ቤትህ ግን እንዴት ነው?»

ልመንህ አሰበ። «ቤቱ ጥሩ ነው። በሩ ግን በጣም ሩቅ ነው።»

«ስንት ርምጃ ይሆናል?»

«ሦስት ወር።»

«እንግዲያው እዚሁ እንሁን» አለች።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሽኮኮ ቤት አልሠራም፣ ጋቢም አልደረበም። ዝናቡ አባርቶ ድንጋዩ ሲሞቅ ከነልጁ ከነልጅ ልጁ ወጥቶ ቋጥኝ ላይ ይዘላል፤ ደክሞት ሲጋደምም እዚያው ፀሐይ ላይ ነው። ካላመናችሁ ገደል አፋፍ ሂዱና እዩ። ፀሐይ ለሁሉም ትወጣለች፤ የምታሞቀው ግን የወጣላትን ነው።

እኔም ተቀምጬ ሳወራ እግሬ ደነዘዘ። በሉ ተነሡ፤ ደጁ ፀሐይ ነው።