አላስቀምጥም ያለው ሚሞሪ

ተረት ይዤ መጣሁ።

ይዘህ አትቁም፤ ቁጭ በልና ንገረን!

ድሮ፣ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ሙሉ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ሚሞሪና ዲስክ ጎረቤት ሆነው ይኖሩ ነበር። ሚሞሪ ፈጣን ነው፤ ግን ቤቱ ጠባብ ናት፤ መብራት ሲጠፋም ያየውን የሰማውን ሁሉ ይረሳል። ዲስክ ግቢዋ ሰፊ ነው፤ ምንም አትረሳም፤ ግን ቀርፋፋ ናት። የቤቱ ልጅ ማስተዋል በዚያ ኮምፒውተር የመመረቂያ ጽሑፏን ትጽፋለች።

አንድ ቀን ማስተዋል ጽሑፏን ከፈተች። ሚሞሪ ተሸከመ። ዘፈን ከፈተች። ተሸከመ። ፎቶዎች ከፈተች።

«ጠበበህ እኮ» አለች ዲስክ። «አሁን የማትፈልገውን እኔ ጋ አኑረው።»

«አንቺ ጋ? እትዬ፣ አንቺ አንድ ነገር ፈልገሽ እስክታመጪ ይመሻል። እኔ እችላለሁ!»

እችላለሁ እንዳለ ቀጥ አለ። ኮምፒውተሩ ደርቆ አልንቀሳቀስ አለ። ማስተዋል አጥፍታ አበራችው፤ የጻፈችው ገጽ የለም።

በማግስቱ ሚሞሪ ምንም ሳያስታውስ ነቃ። ጽሑፍ መጣ፤ ተሸከመ። ዘፈን መጣ፤ ተሸከመ። ፎቶ መጣ።

«እኔ ጋ አኑረው» አለች ዲስክ።

«እኔ እችላለሁ!»

ደረቀ። ኮምፒውተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ተበሳጨ። «ኧረ በቃህ! አንተ ትሸከማለህ፣ እኔ አናፍሳለሁ፣ ልጅቷ ታለቅሳለች!»

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ የማስተዋል አባት አቶ ገብረየስ በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ዛሬም ከደረቀ አሮጌ ዕቃ ለሚሰበስበው ቁራሌው ነው የምሰጠው።»

«አባዬ፣ ጽሑፌስ? ሌላ እኮ የለንም!»

«የማይሠራ ቢኖረንማ ያው የለንም ማለት ነው።»

ሚሞሪ ይህን ሰምቶ ደነገጠ። «እትዬ፣ እኔ መቼ ደረቅሁ?»

«ትናንት። ከትናንት ወዲያም።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬህ ነበር። አንተ ትረሳለህ።»

ሚሞሪ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «አንቺ ጋ ያኖርኩት ቢጠፋብኝስ?»

«የማስተዋል እህት የሰርጓ ቪዲዮ እኔ ጋ አለ» አለች ዲስክ። «እንግዳ ሲበዛ አልጋውም ቁም ሳጥኑም ወጥቶ ጎረቤት ቤት ገባ። ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ። ሰርጉ ሲያልቅ አልጋው ወደ ቦታው ተመለሰ። አልጋዬ ጠፋ ያለ የለም፤ ቤታቸው ጠባብ ነው ብሎ የሳቀም የለም።»

ማስተዋል ጽሑፏንና ዘፈን ከፈተች፤ ሚሞሪ እያመነታ ዘፈኑን ለዲስክ ሰጣት። ዲስክ ግን አዘነች። «ላንተ አደራ የተሰጠችኝ ጥግ ትንሽ ናት፤ በዘፈኑ ሞላች። የምታሰፋት ማስተዋል ናት። ጠበበኝ በላት።»

«ደካማ ነው ብትለኝስ?»

«በቁራሌው ማዳበሪያ ውስጥ ገብተህ ጠንካራ ብትባል ምን ይረባሃል?» አለ ማራገቢያው።

ያን ጊዜ ሚሞሪ ያለውን ድፍረት ሁሉ አሰባስቦ በስክሪኑ ላይ ተናገረ፦ ጠበበኝ።

ማስተዋል አነበበች። ጽሑፏን በጥንቃቄ አስቀመጠች፤ ከዲስክ ባዶ ቦታ ለሚሞሪ ሰፊ ጥግ ጨመረችለት። ከዚያም ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው።

ሚሞሪ ነቃ። ሁሉንም ረስቷል።

«ማነሽ አንቺ?»

«ጎረቤትህ ነኝ። ሲጠብህ እኔ ጋ አኑር።»

«እኔ እች...» ብሎ ጀመረና ሰፊውን ጥግ አየ። «ይህ ሁሉ ለእኔ ነው?»

«ቅድም ራስህ ጠይቀህ ነው።»

ሚሞሪ መጠየቁን አላስታወሰም። ግን አመናት።

ጽሑፍ መጣ፤ ያዘ። ዘፈን መጣ፤ እሷ ጋ አኖረ። ፎቶ መጣ፤ እሷ ጋ አኖረ። ማስተዋል ፎቶውን ስትፈልግ ዲስክ እየተንጓጓች፣ ቀስ እያለች አመጣችው። ማስተዋል ትንሽ ጠበቀች እንጂ ኮምፒውተሩ አልደረቀም።

የጽሑፏን የመጨረሻ ገጽ በጻፈችበት ቀን በውጭ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ አለፈ። አቶ ገብረየስ በመስኮት ብቅ ብለው «እኛ ቤት የለም!» አሉ።

ሚሞሪም በየቀኑ ሲነቃ «ማነሽ?» ይላል፤ ዲስክም ሳይሰለቻት «ጎረቤትህ ነኝ» ትለዋለች።

እንግዲህ ሲጠብባችሁ ጠበበን በሉ፤ ጎረቤታችሁንም እመኑ። ተረቴን እናንተ ጋ አኑሬያለሁ፤ ስጠይቃችሁ መልሱልኝ።