ሦስት የውሰት ሰዎች፣ አንድ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ያውም እኔ ገና መነጽር ሳላደርግ፣ ሦስት የውሰት ሰዎች ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። መሥሪያ ቤታችን የውጭ ጉዳይ ነው። የየትኛው አገር እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ብነግራችሁም ነገሩ አይቀልም። ዘነበች እባላለሁ፤ እዚያ መዝገብ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የገባ ደብዳቤ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፣ የሚወጣው ላይ ማኅተም እመታለሁ። ይህን የማወራችሁ ጨዋታ አምሮኝ አይደለም፤ ፍረዱኝ ብዬ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነኝ።

የውሰት ሰዎች ያልኩበትን ላስረዳ። አለቆቻችን አንድ ቀን ተሰብስበው፣ «የእኛ ዲፕሎማቶች መናገር ነው የሚያውቁት፤ በየሙያው የበሰሉ ሰዎችን ከሌላ መሥሪያ ቤት ለአንድ ዓመት እንዋስ» ብለው ወሰኑ። ዓመቱ ሲሞላ ወደየመጡበት ሊመለሱ ነው። ነባሮቹ አኮረፉ። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» እያሉ በየኮሪደሩ ሲያሽሟጥጡ እሰማቸው ነበር። እኔም፣ ሐቁን ልናገርና፣ አብሬ ስቄያለሁ።

አንዷ ዶክተር ምንትዋብ ናት፤ የከብት ሐኪም፣ ሃያ ዓመት ከበረት በረት የዞረች። ሁለተኛው ዱባለ የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያ ነው፤ ያልረገጠው ወረዳ የለም። ሦስተኛው ዳኛ ይርዳው ናቸው፤ የመሬት ክርክር ሲፈርዱ የሸበቱ፣ ቁጥብ ሰው።

ያን ዓመት በደቡቡ ድንበር ዝናብ ቀረ። በእኛ በኩል ሣር የሚባል ጠፋ፤ ከወንዙ ማዶ፣ በጎረቤት አገር፣ ሜዳው ለምለም ነው። አርብቶ አደሮቹ እንደ ልማዳቸው ከብታቸውን በመልካው፣ በወንዙ መሻገሪያ፣ ሊያሻግሩ ቢነዱ ጎረቤቶቹ መልካውን ዘጉት። «በከብቶቻችሁ በሽታ አለ ሲባል ሰምተናል። ከብቶቹ ስንት እንደሆኑ ይነገረን፣ ጤናቸው ይታይ፣ መጀመሪያ የሚቆዩበት ቦታ በፊርማ ይወሰን» አሉ። የእኛ ሰዎች ሁለት ወር ሙሉ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ከብቱ ግን ሲታይ አይጠግብም፤ መውደቅ ጀመረ።

ነገሩን የባሰ ያበላሸው ደግሞ የእኛው ስህተት ነው። የእኛ የድንበሩ አርብቶ አደር ከብቱን አይቆጥርም፣ አያስቆጥርምም። «የተቆጠረ ከብት ይጎድላል» ይላሉ። ከመሥሪያ ቤታችን የሄደ አንድ ጸሐፊ የአርብቶ አደሮቹን ሽማግሌ አቶ ሊበንን «ከብቶቻችሁ ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም እንደ ወጉ «ጥቂት ናቸው» አሉ። ጸሐፊው ቅጹን ባዶ መተው ስላልሆነለት ከራሱ «ሦስት መቶ» ብሎ ሞላው። የጎረቤት ዘበኞች ከማዶ ሆነው ሲያዩ መንጋው ከዚያ ይበልጣል። «እየዋሻችሁን ነው» አሉና ጭራሽ መስማት ተዉ።

የውሰት ሰዎቹ የተላኩት ያኔ ነው።

ዱባለ ግራር ሥር ተቀመጠ። ለአቶ ሊበን፣ «አባቴ፣ እኔ አልቆጥርም። የየከብታችሁን ስም ብቻ ንገሩኝ» አላቸው። ይህ ደስ አላቸው፤ ከብቱን የሚወድ ሰው ስሙን ሲጠሩለት ይወዳል። ሁለት ቀን ሙሉ እያንዳንዱ ባለከብት ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ቦራ እያለ ጠራ፤ ዳለቻ ሲበዛ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የቱ ቀንዷ እንደተሰበረ ይጨመራል። ዱባለ ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ ለብቻው ወረቀቱን ገለበጠና ከጀርባው ደመረ። አራት መቶ አሥራ ሁለት። ድምሩን ለጎረቤቶቹ ላከ፤ እነሱም ከማዶ ካዩት ጋር ስለገጠመ ለመነጋገር ተስማሙ። ወረቀቱን ለእኔ ሲያስረክበኝ፣ «እትዬ፣ ይሄ ማንም ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፤ አልቆጥርም ብያቸዋለሁ» አለኝ። «ሆድ ይፍጀው» አልኩት። እንዲህ በቀላሉ።

ምንትዋብ ከብቱን አንድ በአንድ መረመረች። ሰባቱን የሳንባ በሽታ ይዟቸዋል፤ ሰባቱም የአቶ ሊበን ናቸው። ለዳይሬክተራችን ስትደውል፣ «ለጊዜው ዝም በዪ፤ መጀመሪያ ይሻገሩ» አሏት። እሷ ስልኩን ዘጋችና በእግሯ መልካውን ተሻግራ ለጎረቤት አገር ሐኪም፣ «ሰባት የታመሙ አሉ። ዛሬ ይወገዳሉ፤ የቀሩትን አብረን እንያቸው» አለች። ሰባቱ በአቶ ሊበን ዓይን ፊት ታርደው ተቀበሩ። ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ምንትዋብ አጠገባቸው ቆማ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው አላዩአትም። የጎረቤቱ ሐኪም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያምነው የእሷን ቃል ብቻ ሆነ።

ቀሪው ፊርማ ነበር። ዳኛ ይርዳው በወንዙ መሀል ያለውን ደሴት የሚመለከት አሮጌ ስምምነት አስታወሱ፤ ከብት ሃያ አንድ ቀን እዚያ ቆይቶ ጤናው ከታየ በኋላ እንዲሻገር የሚፈቅድ ነው። ጎረቤቶቹ «መልካም፣ ዛሬውኑ ይፈረም፤ ነገ አዛዣችን ይቀየራል፣ የሚመጣውን አናውቅም» አሉ። ዳኛው ወደ ዋናው ከተማ ደወሉ። «ለኮሚቴ ይቀርባል» ተባሉ። እዚያው ቆመው እያሉ አንዲት ጊደር ወደቀች። ዳኛው ብዕራቸውን አወጡና «ስለ መንግሥት» ብለው ፈረሙ። የውሰት ሰው ስለ መንግሥት መፈረም አይችልም፤ ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መንጋው ደሴቱ ገባ። ከሃያ አንድ ቀን በኋላ አንድም የታመመ ስላልተገኘ ሁሉም ወደ ሣሩ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ቤቴ ገብቼ በተኛሁ ነበር።

የጎረቤት አገር መንግሥት ጻፈልን። «ድርቅ ነገም ይመጣል። መልካው ላይ በቋሚነት የሚቀመጥ አንድ ሰው መድቡ፤ ከሦስቱ አንዱ ይሁን። ስሙ እስከ ዓርብ ይድረሰን፤ ካልደረሰን መልካው ይዘጋል» የሚል። የውሰቱ ዓመት አልቋል፣ ወንበሩ አንድ ነው፣ ሦስቱም ፈለጉት።

ምንትዋብ፣ «ሰባቱን ያስገደልኩ እኔ ነኝ፤ የቀሩትን የምጠብቅም እኔ ልሁን» አለች። ዳኛው፣ «ፊርማዬ ያለበት ቦታ ልቀመጥ። ወደ ቤቴ ከተመለስኩ ነገ አንዱ ተነሥቶ የፈረመው ማን ነው ቢል ውሉ ይፈርሳል» አሉ። ዱባለ ደግሞ፣ «የሁሉንም ስም የማውቅ እኔ ነኝ፤ ሰዎቹም በእኔ ደስ ይላቸዋል» አለ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ራሴ የዞረው ለዚህ ነው።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ሦስት አባላት፣ ሦስት ስም። ሐሙስ ከሰዓት ደብዳቤው ተጻፈ፣ ቁጥር ወጣለት፣ ማኅተም መታሁበት፤ የስሙ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። በዚያ ቤት ከስሙ በፊት ማኅተሙ መቅደሙ ብርቅ አይደለም። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ መጡና፣ «እትዬ ዘነበች፣ ከኮሚቴው ጋር ደከመኝ። እርስዎ ሦስቱንም ያውቋቸዋል። ነገ ጠዋት መኪናው ሳይወጣ አንድ ስም ይንገሩኝ፤ እሞላዋለሁ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ሐሳቤን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ሲጠይቁኝ ደግሞ ይህንን ጠየቁኝ።

ጠዋት በሬን ስከፍት አቶ ሊበን አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደሚላክላቸው ሊሰሙ ነው የመጡት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣» አሉኝ፣ «ዳኛው ጎበዝ ናቸው፤ ግን ወረቀታቸውን እኛ አናነብም። ሐኪሟን ይቅር እንድል ልቤን እለምነዋለሁ፤ እምቢ ይለኛል። ያ ልጅ ዱባለ ግን ወጋችንን ጠበቀልን። እሱ ቢሆን ደስ ይለናል።» ወደ እኔ ዞሩና፣ «ከብቶቻችንን ማንም አልቆጠረም፣ አይደል?» አሉ።

ወረቀቱ ከጀርባዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ። አልቆጠረም ብል መዋሸቴ ነው። ቆጥሯል ብላቸው ደግሞ «የተቆጠረው ጎደለ» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ድምሩ ቀድሞ፣ ሰባቱ ከድምሩ በኋላ ነው የሞቱት። ያሳረዳቸው የሳንባ በሽታ ነው ብዬ ብምል ማን ይሰማኛል? ምንትዋብ ነፃ ትወጣለች፣ ዱባለ ደግሞ ባላጠፋው ይጠየቃል። ዝም ካልኩ እውነት የተናገረችው ተጠልታ ትቀራለች፣ ቃሉን ያጠፈው ተወዶ ይሾማል። ዳኛው ይሁኑ እንዳልል፣ ሥልጣን ሳይኖረው የፈረመን ሰው ስለ ፊርማው መሾም ነው። አይሁኑ እንዳልል፣ ያ ፊርማ ባይኖር የሚሻገር ከብት አልነበረም።

«ሻይ ላምጣልዎት» ብዬ ተነሣሁ። የሰው ልጅ ሲጨንቀው የሚለው አያጣም።

ከጓሮ የመኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማሁ። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ይዘው፣ የብዕራቸውን ክዳን ከፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። አቶ ሊበን መልሴን ይጠብቃሉ፣ ዳይሬክተሩም ስሙን ይጠብቃሉ። ሁለቱም እኔን ያያሉ።

ያን ጠዋት ያልኩትን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ እኔን ስትወቅሱ ነገሩን ትተዉታላችሁ። እስቲ ቁልፉን እናንተ ያዙት። ቃሉን ሰብሮ የታመነው ዱባለ፣ እውነት ተናግራ የተጠላችው ምንትዋብ፣ ያልተሰጣቸውን ሥልጣን ወስደው መልካውን የከፈቱት ዳኛ ይርዳው፤ ወንበሩ ለማን ይገባል? ለሽማግሌውስ ምን ትመልሱላቸዋላችሁ?