የዘለቀ የስለት ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ በዚችው በኛ ከተማ፣ ዘለቀ የሚባል ሸማኔ ነበር። የሱን ጥለት አይቶ ያልተደመመ የለም። ምን ያደርጋል፣ አረቄ ያዘው! ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ ድሩን ይበጥሳል፤ ከቀመሰ ደግሞ አንዱ አስር ይሆናል። የልጁን የጥምቀት ቀሚስ ሳይጨርስ ጥምቀት አለፈ። ልጅቱ ባሮጌ ልብሷ ስትወጣ አይቶ አለቀሰ። «ሚካኤል፣ እጄን መልስልኝ! ድኜ የምሠራውን የመጀመሪያ ጋቢ ያዳነኝን ሰው አለብሳለሁ» ብሎ ተሳለ።

ሚስቱ ይታይሽ የሽመና መወርወሪያውን ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ፣ ልጇን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። «አርባ ቀን ሳትቀምስ ቆይ፤ መወርወሪያውም እኔም እንመለሳለን» አለችው። ሰዉ ጨካኝ ናት ብሎ አማት። እሷ ግን መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነበር።

ሌላው አረቄ ቤት ሁሉ አባርሮት፣ የሚቀዳለት ወይዘሮ ባፈና ጋ ብቻ ነበር። በማግስቱ እዚያ ሄደ። መለኪያውን በሁለት እጁ እንኳ ማንሳት ቢያቅተው፣ ጎንበስ ብሎ እንደ ጥጃ ባፉ ሊደርስበት ሞከረ። ባፈና ይህን አይታ አልቻለችም። የአረቄ ማውጫ እንስራዋን ደጃፏ ላይ ከሰከሰችው።

«አብደሻል እንዴ? ሦስት ልጅ በምን ልታሳድጊ ነው?» አሏት ጎረቤቶቿ።

«እንጃ! በዚህ ግን አይሆንም።»

ዛሬ ቅቅል ድንች ትሸጣለች። ልጆቿ አንዲት ብርድ ልብስ ይሻማሉ።

የመጠጥ ጓደኛው ተሰማ ደግሞ «ዘሌ፣ ብቻህን አትችለውም፤ እኔም ትቻለሁ» ብሎ አብሮት እርም አለ። ላቡን እየጠረገ፣ ጤና ጣቢያ ደግፎ እያመላለሰ አስታመመው። እንዲህ እያሉ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ላይ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ለዘለቀ ደረሰ። በማኅበራችን ደንብ ተረኛው ጽዋውን ሳይጨልጥ አይረከብም፤ በውስጡ ያለው ደግሞ ጠላ ነው። ውሃ ቢቀዳበት ምን ነበረበት? አንዳችንም አላሰብነው፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ! ዘለቀ እጁን ሲዘረጋ ተሰማ ብድግ አለ።

«የወንድሜን እኔ ልጠጣለት» ብሎ ጨለጠው።

እኛም እልል አልን። ዘለቀ ተረፈ። ተሰማ ግን በዚያችው ጽዋ ወደ አረቄው ተመለሰ፤ አሁን የሚያድረው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

አርባው ቀን ሲሞላ ይታይሽ መወርወሪያውን ይዛ መጣች። ዘለቀ ጋቢውን ሠራ፤ አንድ ክር አልተበጠሰበትም። ስለቱን ሊያደርስ ጋቢውን ይዞ ሦስቱንም በየተራ ጠየቀ።

ይታይሽ «ሆዴን አስጨክኜ ባልሄድ አንተም አትነሳም ነበር» አለችው። እውነቷን ነው።

ባፈና «እኔማ ስቀዳልህ የኖርኩ ነኝ፤ ምን ፊት አለኝ?» ብላ አቀረቀረች። ልጆቿ ግን ጋቢውን ዳሰሱት።

ዘለቀ ተሰማ ጋ ሲሄድ ደግሞ ተሰማ ፈገግ አለና፣ «ለኔ እንዳትሰጠኝ ዘሌ። ባረቄ እለውጠዋለሁ» አለው። ይህን ሲል ከብርዱ የተነሳ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

ስለት አንድ ነው፤ ጋቢውም አንድ ነው። እስካሁን ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል፣ ክረምቱም ገብቷል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ዘለቀ ጋቢውን ማንን ያልብስ?