አራተኛው ኒሻን

አንድ ባሕረኛ ነበር፤ ጥላዬ ይባላል። የተወለደው በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ነው፤ ያረጀውም እዚያው ነው። በመካከሉ ጦርነት መጣና ሦስት ዓመት ሙሉ በቅኝት ጀልባ ያንኑ ወንዝ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ከረመ። ሲመለስ ደረቱ ላይ አራት ኒሻን ነበረው።

ሦስቱን በላቡና በደሙ ነው ያገኛቸው፤ ይህን ማንም አይክደውም። አንዱን ያገኘው ከሚቃጠል ጀልባ ሰባት ጓደኞቹን ጎትቶ አውጥቶ ነው፤ የግራ ክንዱ ቆዳ እስካሁን እንደተጨማደደ ነው። ሁለተኛውን ውሃ ውስጥ የተጠመደ ፈንጂ በእጁ ዳብሶ ስላመከነ፣ ሦስተኛውን ቆስሎ መሪውን አልለቅም ስላለ ሰጡት። አራተኛው ግን ከሁሉም ይተልቃል፣ ከሁሉም ያብረቀርቃል። በየዓመቱ በድል በዓል ቀን ሰው ጠጋ ብሎ የሚያየው እሱን ነው። ጥላዬ ሦስቱን በጨርቅ ሲወለውል ይውላል፤ አራተኛውን አይነካውም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የዚያ አገር መቃብር ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ሰው ሲሞት በሰሌን ተጠቅልሎ በታንኳ ይሻገራል። የሚያሻግረው ቀዛፊ ደግሞ ሁለት ሥርዓት አለው። አስከሬኑ አፈር እስኪለብስ ድረስ አፉን አይከፍትም፤ የወለደችው እናቱ ብትጠራውም አይመልስም። ሲቀዝፍም ሁለቴ ቀዝፎ አንዴ ያርፋል፤ ሟች አይቸኩልም ይላሉ። የወንዙ ልጅ የሆነ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ቢሰማ፣ ያ ቀብር መሆኑን በድምፁ ያውቃል።

በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት፣ አንድ ጭጋጋማ ማለዳ፣ የቅኝት ጀልባዋ ሞተሯን አጥፍታ መሐል ወንዝ ላይ ቆማ ነበር። ከጭጋጉ ውስጥ የመቅዘፊያ ድምፅ ተሰማ። ቸብ፣ ቸብ፤ ዝም። ቸብ፣ ቸብ፤ ዝም። ጥላዬ ወዲያው አወቀ። በጀልባዋ ላይ ከነበሩት ሁሉ የወንዙ ልጅ እሱ ብቻ ነበር።

አለቃቸው ከሩቅ ደጋ የመጣ ሰው ነው። «ማነህ? ቁም!» ብሎ ጮኸ። መልስ የለም። ደገመ፤ መልስ የለም። ሦስተኛውም ያው ሆነ። ትእዛዙ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ይመታል የሚል ነው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው መትረየሱን ለያዘው ለጥላዬ። «ወይስ የሰፈርህ ሰዎች ናቸው ብለህ አሳዘኑህ?»

ሌሎቹ ባሕረኞች ዞር ብለው አዩት። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ መጠርጠር የዋዛ ነገር አልነበረም። «አለቃ፣ ይሄ እኮ ቀብር ነው፤ ቀዛፊው መናገር አይችልም» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። ቃሉ ከንፈሩ ድረስ መጣ። ፈራና ዋጠው። ተኮሰ።

ጠጋ ሲሉ ታንኳዋ እየሰመጠች ነበር። ጥላዬ በዓይኑ አየ፤ በሰሌኑ ውስጥ ከአንዲት አሮጊት አስከሬን በቀር ምንም አልነበረም። አለቃው ግን ለበላይ ሲጽፍ፣ ቀዛፊው በአስከሬን አሳቦ ለጠላት መሣሪያ ሲያሻግር ተመታ አለ። ማን ይጠይቀዋል? አራተኛው ኒሻን መጣ።

ቀዛፊው አምበርብር የሚባል የሰፈሩ ጎልማሳ ነበር። እናቱ ሞታበት፣ በጦርነቱ ምክንያት ሰው ሁሉ መሻገር ቢፈራ፣ ብቻውን ሊቀብራት ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ ከሃዲ ሆነ። ሚስቱ ደብሪቱ ሬሳውን አላገኘችም፤ ለቅሶ የሚደርሳትም ጠፋ፣ ጎረቤት ፈራ። ልጇን ብርቄን ሊያጩ የመጡ ሰዎች የአባቷን ስም ሲሰሙ ሁለት ጊዜ ከደጅ ተመለሱ። ይህ ሁሉ የሆነው እንግዲህ ያ አንድ ቃል ስለተዋጠ ነው።

ደብሪቱ በየዓመቱ የድል በዓሉ ሲያበቃ ጥላዬን መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች። የተኮሰው እሱ መሆኑን ታውቃለች። አትሰድበውም፣ አታለቅስበትም።

«አያ ጥላዬ፣ እስቲ በሞቴ፤ መሣሪያውን በዓይንህ አይተሃል?»

«ጭጋግ ነበር እታለም፤ ምኑን አየሁት።»

«እሺ፤ ዕድሜ ይስጥህ» ትልና ትሄዳለች። ምርቃቷ ከእርግማን ይልቅ ያመው ነበር። ቢሆንም በዓመቱ ያንኑ ይደግምላታል። ሰው ክፉ ሳይሆንም እንዲህ ያደርጋል፤ ያሳዝናል።

ከዚያች ማለዳ በኋላ በሠላሳ ስምንተኛው ዓመት የከተማው ሹማምንት በወንዙ መሻገሪያ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆሙ አሰቡ። የጥላዬ አራተኛ ኒሻን ታሪክ ይቀረጽበታል፤ ከሃዲው አምበርብርም በስሙ ይጠቀስበታል። ወሬው ሲደርሳት ደብሪቱ በዓሉን አልጠበቀችም። በምርኩዝ እያዘገመች፣ እየሳለች፣ ጥላዬ ቤት ድረስ መጣች።

«አያ ጥላዬ፣ ድንጋይ ላይ ሊጽፉት ነው አሉኝ» አለችው። «በአፍ የተወራ አንድ ቀን ይረሳል ብዬ ነበር የቻልኩት። ድንጋይን ምን አደርገዋለሁ? ባሌን መልስልኝ አላልኩህም። ስሙን ነው። አንድ ቃል ነው የምለምንህ።»

ጥላዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭጋጉን ሰበብ አላደረገም። «ነገ ቤትሽ እመጣለሁ» አላት። «ነገ የማውቀውን ሁሉ እነግርሻለሁ።»

«እውነትህን ነው? ነገ?» አለች፤ ፊቷ በራ።

«ነገ።»

ለምን እዚያው አልነገራትም? እኔ እንጃ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆየ ነገር አንድ ቀን ቢጨመርለት ምን አለበት ብሎ ይሆናል። በማግስቱ ጫማውን አደረገ፤ መልሶ አወለቀ። ነገ ይሻላል አለ። በሦስተኛው ቀን አራተኛውን ኒሻን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሰፈሯ ሲደርስ ዋይታ ሰማ። ደብሪቱ ጎህ ሲቀድ አርፋለች።

ጥላዬ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ለለቅሶ የመጣ መሰላቸው። «ደግ አደረግህ መምጣትህ» አሉት። «ትልቅ ሰው ነህ፤ አንተ ብታሻግራት ክብር ይሆንላታል።» እምቢ ማለት አልቻለም። ሰሌኑን ታንኳው ላይ አጋደሙለት፤ እሱ መቅዘፊያውን ያዘ። ለቀስተኞቹ በሌላ ጀልባ ከሩቅ ተከተሉት።

ሁለቴ ቀዘፈ፤ አረፈ። ሁለቴ ቀዘፈ፤ አረፈ። ልትሰማው ስትለምን የኖረችው ሴት እግሩ ሥር ተኝታለች። ቃሉ አፉ ውስጥ ሞልቷል። መናገር ግን አይችልም፤ ሥርዓት ነው።

መሐል ወንዝ ሲደርስ የጥበቃ ጀልባ ቆማ ነበር። ወታደሩ «ማነው?» ብሎ ተጣራ። ጥላዬ ዝም አለ። ወታደሩ እንደገና ተጣራ። ከዚያም ጆሮውን ጣል አድርጎ አቀዛዘፉን አዳመጠ፤ ሰሌኑን አየና ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ እለፍ አለው። ይኸው ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር። የጥላዬ እንባ መቅዘፊያው ላይ ተንጠባጠበ።

አፈር ከለበሰች በኋላ ጥላዬ ቆመና በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። «አምበርብር ከሃዲ አልነበረም። እናቱን ሊቀብር ነበር የወጣው። ቀብር መሆኑን በአቀዛዘፉ አውቄ ነበር። እያወቅሁ ተኮስኩ። መሣሪያም አልነበረም።» ኒሻኑን ከኪሱ አውጥቶ መቃብሩ ላይ አኖረው።

ብርቄ፣ አሁን ፀጉሯ የሸበተው ልጅ፣ ጎንበስ ብላ ኒሻኑን አነሳችና መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይህን አልጠየቀችህም» አለችው። «የጠየቀችህ ቃል ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ በር በሩን ስታይ ዋለች። 'ጥላዬ ይመጣል፣ ቀጥሮኛል' ትል ነበር። ምነው ትናንት መጥተህ ቢሆን?»

ድንጋዩ በኋላ ቆመ፤ የተጻፈበትም «አምበርብር እናቱን ሊቀብር ሲሻገር እዚህ ሞተ» የሚል ነው። መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል። ደብሪቱ ግን አላነበበችውም።

ወዳጆቼ፣ ጥላዬ የተኮሰው አንድ ማለዳ ነው፤ ዝም ያለው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው። ለዚያች ማለዳ ፍርሃቱ ምናልባት ይቅርታ ይገኝለት ነበር። ለዝምታው ይቅርታ የምታደርግለት ሴት ግን አፈር ለብሳለች። እውነትን ለሚገባው ሰው፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ንገሩት። እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፤ «ነገ» ያላችሁት ሰው ዛሬ በር በሩን እያየ ይሆን?