በሩ አይወርድም፣ ጋሽ ሙሄ ካላወረደው

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ! ሩቅ ተቀምጦ ይህን ተረት የሚሰማ ግማሹን ነው የሚሰማው። ደግሞ አታቋርጡኝ። ካቋረጣችሁኝ ሰንሰለቱ ይጠፋኛል፤ ሰንሰለቱ ከጠፋኝ ሰውየው እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ሴትየዋ ብርቄ ትባላለች። ቤቷ ጉርጉሮ ወንዝ ዳር ነው፣ ሥራዋም ውሃ መለካት ነው። ወንዙ መሐል ቀይና ነጭ የተቀባ፣ በሜትርና በሳንቲም ቁጥር የተጻፈበት የብረት ምሰሶ ተተክሏል። እሷ በቀን ሦስት ጊዜ ወጥታ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ ታያለች፤ ከዚያ ባለ ቁልፍ ስልኳን አንሥታ ባሕር ዳር ላለች ትርሲት ለምትባል የመረጃ ሠራተኛ ትነግራለች። ቁጥሩ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለምን እንደሚጠቅም የነገራት የለም። ትናገራለች፣ በቃ።

የቀጠራት የመስኖ ፕሮጀክት ሰዎች እንዲህ ነበሩ። አንዱ ተራራ ላይ፣ አንዷ ኮምቦልቻ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ ብርቄ ደግሞ ወንዝ ዳር። አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ያላቸው ስልክ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የብርቄ ባል ደምለው ወንዝ ገባ። የመስኖው ቱቦ አፉ በአሸዋ ተደፍኖ ነበርና ሊጠርገው ነው። ሲገባ ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ አላለፈም። ጎንበስ ብሎ አሸዋውን ሲዝቅ ከላይ በኩል ጉምጉምታ ሰማ፤ ቀና ሳይል ደራሹ ውሃ እግሩን መታው። ተንገዳገደ። ደምለው ዋና አያውቅም። እጁ ያገኘው ያን የብረት ምሰሶ ነው፤ አቀፈው።

ውሃው ከየት መጣ? ከግድቡ ነዋ! ላይ፣ ተራራው ላይ፣ ግድቡ ትልቅ የብረት በር አለው። በሩ ሲነሣ ውሃ ይለቃል፣ ሲወርድ ውሃ ያግዳል። ያን ቀን ተነሥቷል። "ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ይለቀቃል፣ ሁሉም ይወቅ" ተብሎ በዋዜማው በፕሮጀክቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አሥራ ሰባት ሰውም አውራ ጣት ልኮበታል። ብርቄ ግን ግሩፑ ውስጥ የለችም። ባለ ቁልፍ ስልክ ቴሌግራም ያውቃል እንዴ? ኮምቦልቻ ያለችው ሰምታለች፣ አዲስ አበባ ያለው ሰምቷል፣ ወንዙ ዳር ያለችው አልሰማችም። ወይ ጉድ!

ብርቄ ከደጇ ሆና አየች፤ ወደ ዳሩ ሮጠች። ገመድ ወረወረች፣ ግማሽ መንገድ አልደረሰም። ጎረቤት ጠራች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ወጥቷል።

"ደምለው! አጥብቀህ ያዝ!"

"ይዣለሁ! በሩን አስወርጂልኝ!"

የፈለገችው ይህችኑ ነው። በሩ ይውረድላት። ወንዙ አይጎድልም፣ በሩ ካልወረደ። በሩ አይወርድም፣ ጋሽ ሙሄ ካላወረደው።

ጋሽ ሙሄ የበሩ ጠባቂ ነው፤ ሽማግሌ፣ ደግ ሰው። ደወለችለት። ውሃው የደምለው ጉልበት ላይ ነው።

"ጋሼ ሙሄ፣ በሩን ያውርዱልኝ! ደምለው ወንዝ ውስጥ ነው፣ ዋና አያውቅም፣ ሊወስድብኝ ነው!"

"ያ አላህ! ልጄ፣ እጄ ማውረጃው ላይ ነው። ግን ባለፈው ሐምሌ ያለ ትእዛዝ ነክቼ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። አሁን ብነካ እንጀራዬ ነው። ቆይ፣ አለቃዬ ጋ ልደውል። አሁኑኑ!"

ብርቄ ወንዙን ትፈራለች፣ ጋሽ ሙሄ ደብዳቤ ይፈራል። ፍርሃት ለሁሉም በየቁመቱ ይሰፋል መሰለኝ። አለቃው ኮምቦልቻ ያለችው ወይዘሮ ሽታዬ ናት። ደወለላት። እንዴት ዋሉ፣ ደህና ነኝ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ይህ ሁሉ ሲባል ውሃው ከጉልበት ወደ ጭን ወጣ። ከዚያ ጋሽ ሙሄ አሰበ፦ ሰው ሊሞት ነው የሚል ክፉ ወሬ እንዴት በስልክ ለአለቃ ይነገራል? ትደነግጣለች። ቀስ አድርጌ ልንገራት።

"ታች ያሉት ሰዎች ውሃው በዛብን ይላሉ" አላት።

አያችሁ? ደምለው ከነስሙ ከወሬው ወደቀ። ወንዙ አይጎድልም፣ በሩ ካልወረደ። በሩ አይወርድም፣ ጋሽ ሙሄ ካላወረደው። ጋሽ ሙሄ አያወርድም፣ ሽታዬ ካላዘዘችው።

ሽታዬስ? በሩን ለማዘዝ የኢንጂነሩ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ኢንጂነር ዳግማዊ አዲስ አበባ ነው፣ የፕሮጀክቱ ኃላፊ። ባለፈው ስብሰባ ላይ "ያልተጣራ ወሬ አታምጡብኝ" ብሎ በሰው ፊት አሸማቅቋታል፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ሆዷ ውስጥ አለ። "በዛብን ይላሉ" ብላ ብትጽፍ ደግሞ ማን አለ፣ ስንት በዛ ሊላት ነው። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች፣ ሰረዘች። በመጨረሻ የላከችው ይህንን ነው፦ "ከታችኛው አካባቢ ስለ ውሃው መጠን አስተያየት ቀርቧል።"

አስተያየት! ሰውየው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ አስተያየት ትላለች። ወንዙ አይጎድልም፣ በሩ ካልወረደ። በሩ አይወርድም፣ ጋሽ ሙሄ ካላወረደው። ጋሽ ሙሄ አያወርድም፣ ሽታዬ ካላዘዘችው። ሽታዬ አታዝም፣ ኢንጂነሩ ካልፈቀደላት።

ኢንጂነሩ መልእክቱን አየ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ አይደለም። ግን አስተያየት የሚል ቃል ማንን ከወንበሩ አስነሥቶ ያውቃል? እሱም የራሱ ፍርሃት አለው፤ ያለ ቁጥር በር አስወርዶ ነገ ለምን ቢባል ምን ይላል? ትርሲት ጋ ጻፈ፦ "የታችኛውን ጣቢያ የዛሬ ቁጥር ሲመችሽ ላኪልኝ።"

ሲመችሽ። በሉ እንግዲህ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ ይኸኛው በትሕትና ሊወስድ ነው።

ወንዙ አይጎድልም፣ በሩ ካልወረደ። በሩ አይወርድም፣ ጋሽ ሙሄ ካላወረደው። ጋሽ ሙሄ አያወርድም፣ ሽታዬ ካላዘዘችው። ሽታዬ አታዝም፣ ኢንጂነሩ ካልፈቀደላት። ኢንጂነሩ አይፈቅድም፣ ትርሲት ቁጥሩን ካላሳየችው።

ብርቄ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ወንዙ ዳር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ጋሽ ሙሄ አልደወለም። ለምን አይደውልም? ትደውልለታለች፣ ተይዟል። ውሃው የባሏ ደረት ላይ ደርሷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። እንጨት ተንሳፍፎ መጣና ትከሻውን መትቶት አለፈ፤ ብርቄ እሪ አለች። ያኔ ስልኩ ጮኸ። አነሣችው። ትርሲት ናት፣ ከባሕር ዳር።

"እትዬ ብርቄ! እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት? ልጆች ደህና ናቸው?"

አሁን ብርቄ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!" ባሏ እየሰጠመ! አትሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ ያንኑ ነው የምትሉት። ልብ ሳያስብ አፍ ቀድሞ ይመልሳል።

"የቀትሩ ቁጥር ስላልደረሰኝ ነው የደወልኩት። ኢንጂነሩ ፈልጎታል። ሲመችዎት..."

"አይመቸኝም!" ብርቄ ጮኸች። "ደህና አይደለሁም! ደህና ያልኩሽ ውሸቴን ነው! ባሌ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሊወስድብኝ ነው፣ አንቺ ቁጥር ትይኛለሽ! ቁጥር ምን ያደርግለታል?"

ትርሲት እስክሪብቶዋን አነሣች። "እትዬ ብርቄ፣ በሩ የሚነሣውም የሚወርደውም እርስዎ በሚልኩት ቁጥር ነው እኮ። አልነገሩዎትም?"

አልነገሯትም! በሉ አሁን አብራችሁኝ ቁጠሩ። ወንዙ አይጎድልም፣ በሩ ካልወረደ። በሩ አይወርድም፣ ጋሽ ሙሄ ካላወረደው። ጋሽ ሙሄ አያወርድም፣ ሽታዬ ካላዘዘችው። ሽታዬ አታዝም፣ ኢንጂነሩ ካልፈቀደላት። ኢንጂነሩ አይፈቅድም፣ ትርሲት ቁጥሩን ካላሳየችው። ትርሲት አታሳይም፣ ብርቄ ካልነገረቻት። ብርቄ አትናገርም፣ ያቺ በሩ ይውረድልኝ እያለች የምታለቅሰው ብርቄ፣ የሚጠብቁት እሷን መሆኑን ካላወቀች!

አሁን አወቀች። ወደ ምሰሶው አየች። ቁጥሩ አይታይም፤ ደምለው አቅፎ በደረቱ ሸፍኖታል።

"ደምለው! ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ ነው?"

"ምን?"

"ቁጥሩ! ፊትህ ያለው ቁጥር!"

ደምለው ጥርሱ እየተፋጨ አነበበ። "አንድ ከሠላሳ!"

"አንድ ከሠላሳ!" አለች ብርቄ በስልኩ። "ያነበበው ደምለው ነው። ባሌ ነው። ውሃ ውስጥ ነው። ዋና አያውቅም።"

ትርሲት ልጅ ናት፣ ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም፤ ኢንጂነሩን ትፈራዋለች። ግን ስልኩን ሳትዘጋ እሱን አስገባችው፣ እንዴት ዋሉም አላለችው። "ቁጥሩ አንድ ከሠላሳ ነው። ያነበበው ሰው ውሃ ውስጥ ነው። ስሙ ደምለው ነው። ዋና አያውቅም።" አንዲት ቃል አልጣለችም።

ኢንጂነሩ ከወንበሩ ሲነሣ ወንበሩ ወደቀ። "ሽታዬንም ጋሽ ሙሄንም አስገቢልኝ። ሁላችሁም አንድ መስመር ላይ! ማንም ስልክ እንዳይዘጋ!"

በሉ እንግዲህ! ብርቄ ነገረች፣ ትርሲት አሳየች። ትርሲት አሳየች፣ ኢንጂነሩ ፈቀደ። ኢንጂነሩ ፈቀደ፣ ሽታዬ አዘዘች። ሽታዬ አዘዘች፣ ጋሽ ሙሄ "ቢስሚላህ" ብሎ ማውረጃውን ተጫነ። በሩ ወረደ።

ወንዙ ግን አልጎደለም።

አልጎደለም! ጭራሽ ጨመረ። ውሃው ከደረት ወደ አንገት ወጣ። ደምለው ወደ ዳሩ አየ፤ አስተያየቱን ብርቄ ታውቀዋለች። ሊለቅ ነው። ለቅቆ ወደ ዳር ለመውጣት ሊሞክር ነው።

"በሩ ወርዷል ብላችሁኛል!" አለች እያለቀሰች። "ለምን ይጨምራል?"

ሽታዬ "አይዞሽ፣ አሁን ይጎድላል" ልትል አፏን ከፈተች። ኢንጂነሩ ቀደማት።

"ወይዘሮ ብርቄ፣ እውነቱን ልንገርዎት። በሩ ወርዷል፤ ቀድሞ የወጣው ውሃ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ይጨምራል። አገጩ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ይጎድላል። ባለቤትዎ ይህን ይወቅ። ካልለቀቀ ይተርፋል፣ ከለቀቀ ግን ውሃው ይወስደዋል።"

እንዲህ ያለውን ነገር ለሚስት መናገር ያስፈራል። መስማቱ ደግሞ የባሰ ያስፈራል። ብርቄ ግን ሳትቀንስ ወደ ወንዙ ጮኸች፦

"ደምለው! ገና ይጨምራል! አገጭህ ድረስ ይመጣል! ሩብ ሰዓት ነው! ከዚያ ይጎድላል! እንዳትለቅ፣ በማርያም እንዳትለቅ!"

ደምለው ሰማ። ሊለቅ የነበረው እጁ ተመልሶ ብረቱን ጨበጠ። የመጣበት ማለቂያ ያለው መሆኑን አሁን አወቀ።

"ቁጥር!" ይላል ኢንጂነሩ። "ቁጥር!" ትላለች ብርቄ። "አንድ ከአርባ!" ይላል ደምለው። ትርሲት ትጽፋለች፣ ሽታዬ ሰዓት ታያለች፣ ጋሽ ሙሄ ዱዓ ያደርጋል፤ ድምፁ በመስመሩ ይሰማል። "ቁጥር!" "አንድ ከሃምሳ!" አገጩ። ቀና ብሎ ሰማይ እያየ ነው የሚናገረው። "ቁጥር!" መልስ የለም። "ደምለው! ቁጥር!" መልስ የለም። ብርቄ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በአምስት አገር አምስት ሰው ትንፋሹን ያዘ።

ደምለው ውሃ ተፋ፣ አስነጠሰ። "አንድ ከሃምሳ። አልጨመረም።"

"ቁጥር!" "አንድ ከአርባ አምስት!" እሰይ! "ቁጥር!" "አንድ ከሃያ!" "ቁጥር!" "ሰማንያ!" ወደ ሃምሳ ሲወርድ ደምለው ምሰሶውን ለቀቀና እየተንገዳገደ፣ ውሃውን በጉልበቱ እየገፋ ወጣ። ብርቄ ደረቱ ላይ ወደቀች። ከዚያ "ሳትነግረኝ ወንዝ ትገባለህ?" ብላ በጡጫ ደበደበችው፣ ከዚያ እንደገና አቀፈችው። መስመሩ ላይ ጋሽ ሙሄ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

"ወይዘሮ ብርቄ" አለ ኢንጂነሩ። "ይቅርታ ያድርጉልን። ምን እናድርግልዎ?"

"ውሃ ከመልቀቃችሁ በፊት ንገሩኝ" አለች ብርቄ። "ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ተደረገላት። እንዲያውም ሰንሰለቱ ዞረ። ዛሬ በሩ አይነሣም፣ ጋሽ ሙሄ ካላነሣው። ጋሽ ሙሄ አያነሣም፣ ሽታዬ ካላዘዘችው። ሽታዬ አታዝም፣ ኢንጂነሩ ካልፈቀደላት። ኢንጂነሩ አይፈቅድም፣ ብርቄ ወንዙ ዳር ወጥታ፣ ወዲያና ወዲህ አይታ፣ "ወንዙ ውስጥ ሰው የለም" ካላለችው።

ይኸው ነገርኳችሁ። እናንተም ለሩቁ አድርሱ፤ ስታደርሱ ግን አትቀንሱ።