ክር የሌለው የስፌት መኪና

«ተከራዮቼ ለምን ይዋሹኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንግዲያው ስሚኝ፣ ልጄ።

ቤት የሚያከራይ አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜውን በመንገድ ሥራ፣ በየበረሃው ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ፣ በመጨረሻ በግቢው ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎች ሠራ። እያንዳንዷን ብሎኬት ያስቀመጣት በገዛ እጁ ስለሆነ ለቤቶቹ ይሳሳላቸው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ድምፅ የሚባል ነገር ጠላ። ሊከራይ የመጣውን ሁሉ በር ላይ አቁሞ፣ «ልጅ ያለው አላስገባም፤ እንግዳ አያድርም፤ ጫጫታ አልወድም» ይለዋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሲፈራው የተከበረ ይመስለው ነበር እንጂ።

ከተከራዮቹ አንዷ ባንቺአምላክ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተባት። ሰውየው ያላወቀው፣ ያን ጊዜ እርጉዝ እንደነበረች ነው። ሰፋፊ ቀሚስ እየለበሰች፣ ነጠላ እየደረበች ወራቱን ገፋች። መውለጃዋ ሲደርስ «እናቴ ታማለች» ብላ አገሯ ሄደች። ስትመለስ ሕፃኑን በቁርጥራጭ ጨርቅ ሸፍና በትልቅ ቅርጫት ይዛ መጣች። ሰውየው በር ላይ ተቀምጦ ነበርና «ላግዝሽ?» አላት። «ቀላል ነው ጋሼ» ብላው አለፈች።

ከዚያ ወዲህ የግቢው ጠባይ ተለወጠ። እነዚያ ጸጥተኛ ተከራዮች ድንገት ይነሡና፣ አንዱ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ አንዷ ባዶ በርሜል ላይ ቧንቧ ትለቃለች። ባንቺአምላክም የስፌት መኪናዋን ታንጓጓዋለች። ሰውየው ወጥቶ «ምን ጉድ ነው?» ሲል «ኧረ ምንም ጋሼ» ይሉታል። ተማክረው የናቁት መሰለው። ሁሉንም ሊያስለቅቃቸው በልቡ ቆረጠ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ የስፌት መኪናውና የጎረቤቱ ሬዲዮ እንደገና ተነሡ። ሰውየው ተናዶ ሄደና፣ ሳያንኳኳ በሩን ገፋው።

ባንቺአምላክ ፔዳሉን እየረገጠች ነበር። መርፌው ይወጣል ይወርዳል፤ ከሥሩ ግን ጨርቅ የለም፣ ክርም የለበትም። ፊቷ በእንባ ርሷል። ከእግሯ አጠገብ፣ ቅርጫቱ ውስጥ፣ አንድ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፤ ድምፁን መኪናው ውጦታል።

ሰውየውን ስታየው ከድንጋጤዋ የተነሣ እግሯ ይብሱን ፈጠነ። «ጋሼ፣ እወጣለሁ፤ ትንሽ እስኪጠነክርልኝ ብዬ ነው» አለችው።

እጁን ዘርግቶ የመኪናውን መዘውር ያዘው። መኪናው ቆመ። ልቅሶው ክፍሉን ሞላው።

«ይልቀስ» አለ ሰውየው። «ልጅ አይደል እንዴ? ይልቀስ እንጂ።»

ጎንበስ ብሎ አነሣው። ድንጋይ የለመደ እጁ አያያዙ ጠፋበት፤ እናቱ ክንዱን አስተካከለችለት። ይኼኔ ነው ነገሩ የገባው። ያ ሁሉ ሬዲዮ፣ ያ ሁሉ በርሜል፣ ይህን ልጅ ከእሱ ለመሸሸግ ነበር። ግቢው በሙሉ ሕፃኑን አቅፎ ሲያሳድግ፣ እሱ ብቻ በገዛ ቤቱ ባዕድ ሆኖ ኖሯል። «ይህን ያህል የሚያስፈራ ሰው ነኝ?» ሊላት ፈለገ፤ መልሱን ስላወቀው ሕፃኑን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

ሕፃኑ ደረቱ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሰውየው ቀስ ብሎ በሩ ላይ ወጣና «ያን ሬዲዮ ቀንሱት እንጂ! ልጅ ተኝቷል!» አለ። ተከራዮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ከዚያን ቀን በኋላ ተከራዮቹ የተቸገሩበትን ይነግሩት ጀመር። ዳር ያለው ክፍል ጣሪያ ያፈስስ ነበር። ተከራዩ «ያስወጣኛል» ብሎ ፈርቶ፣ ክረምቱን ሁሉ ባልዲ ደቅኖ ዝም ብሏል። ሰውየው መሰላል አቁሞ ሲወጣ ጣሪያውን የተሸከመው ወራጅ እንጨት በስብሶ አገኘው፤ ትንሽ ቢቆይ በሰው ላይ ይወርድ ነበር።

እና ልጄ፣ ያ ሰውዬ አንቺን ይመስላል። ተከራዮችሽ ዋሹኝ ትያለሽ፤ ምናልባት የዋሹሽ የሚሳሱለትን ነገር ከአንቺ ለማትረፍ ይሆናል። አታላይ ተከራይ የለም አልልሽም፤ አለ። ግን ፈሪውን ከአታላዩ የምትለዪው በሩ ላይ ቆመሽ በመቆጣት አይደለም። ዛሬ ስትመለሺ የኪራይ ነገር አታንሺ። አንዱን በር አንኳኪና «ምን ጎደለ?» በዪ። «ምንም» ይሉሻል። እንደሰማሽ አትሂጂ፤ ትንሽ ቁሚ።