ሳጥን የፈራችው ቄብ

ቂ ቂ ቂ! ተረቴን ተቀበሉኝማ፤ ሳቃችሁን ግን ቆጥቡ፣ ዋናው ጉድ ኋላ ነው።

አንዲት ፈሪ ቄብ ነበረች። ጭድ የተነጠፈበት ሳጥን ተሠርቶላት ሳለ፣ ሳር ውስጥ እየጣለች እንቁላሏን ሸለምጥማጥ ይበላባታል።

«ምነው ልጄ፣ ለምን ሳጥኑ ውስጥ አትጥይም?» አለቻት ብልሃተኛዋ አሮጊት ዶሮ።

«ወይ እትዬ! እህቴን ገበያ የወሰዷት በሳጥን አይደል? የገባ መች ተመለሰ!»

አሮጊቷ ድቡልቡል ነጭ ድንጋይ እያንከባለለች ጭዱ ላይ አኖረች። ቄቧ አጮልቃ ስታይ እንቁላል መሰላት።

«ለካ ጥሎ የሚወጣም አለ!» ብላ ዘው አለች። ጥላም እየተንጎራደደች ወጣች። እንቁላሏንም የቤቱ እመቤት አነሳችው።

ሆዳሙ ሸለምጥማጥ ሳሩን ቢያስስ ባዶ። ተናዶ ሳጥኑ ውስጥ ገባና ድንጋዩን ግምጥ! ጥርሱ እርግፍ!

ይኼኔ ቄቧ ከቆጥ ላይ፣ «አይ ጋሼ! ያሮጊት እንቁላል እንደሚጠነክር አልሰሙም?»